የጭረት ቅደም ተከተል፤ የቻይና ጽሕፈትና የእኛ ቁም ጽሕፈት

ከጥቂት ወራት በፊት፣ አያት አካባቢ የሚኖር አንድ ወጣት ቻይንኛ ለሚማሩ ጓደኞቹ ያዘጋጀውን አነስተኛ የመልመጃ ደብተር አማርኛውን እንድናርምለት አምጥቶልን ነበር። ደብተሩ በጥንቃቄ የተሠራ ነው። በየገጹ ራስ አንድ የቻይና ፊደል በትልቁ ተጽፎ፣ ከሥሩ ደግሞ ያው ፊደል ከመጀመሪያው የብዕር ማረፊያ እስከ መጨረሻው እንዴት ደረጃ በደረጃ እንደሚሞላ በትናንሽ አራት ማዕዘኖች ውስጥ ተመልክቷል። የየገጹ አርእስት ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው «የስትሮክ ቅደም ተከተል» ይላል። ወጣቱን «ስትሮክ ያልኸው ምኑን ነው?» ብለን ብንጠይቀው ሣቀና፣ እናቱም ደብተሩን አይተው ስለ በሽታ የተጻፈ መስሏቸው እንደ ነበር ነገረን። የእናቲቱ አረዳድ ስሕተት አይደለም። በዛሬው የከተማ አማርኛ «ስትሮክ» የሚለው የውጭ ቃል ድንገት መጥቶ ሰውን የሚጥለውን የአንጎል ደም ሥር ሕመም ለማመልከት ውሎ አድሯልና፣ በደብተር ራስ ላይ ሲገኝ ሌላ ነገር ሊያሳስብ አይችልም።

«ታዲያ ምን ልበለው?» ሲል ለጠየቀን ግን ወዲያው መልስ መስጠት አልቻልንም። አማርኛ ሰረዝ፣ መሥመር፣ ጭረት፣ ምልክት የሚሉ ቃላት አሉት። ብዕር ከብራና ወይም ከወረቀት ላይ ካረፈበት ጊዜ ጀምሮ እስኪነሣ ድረስ የሚተወውን አንዱን ጉዞ ለይቶ የሚጠራ የሙያ ቃል ሆኖ ግን ከእነዚህ አንዱም አልተደነገገም። ነገሩን ባሰብንበት መጠን ጉድለቱ የትርጉም ብቻ አለመሆኑን ተረዳን። ፊደል አለን፤ ፊደሉም ሲጻፍ የኖረ ነው፤ እጅ በፊደሉ ላይ ከየት ተነሥቶ በየት በኩል እንደሚሄድ የምንነጋገርበት ቃል ግን በትምህርት ቤቶቻችን አልተለመደም። ቃሉ ያልተለመደው ነገሩ ስለሌለ ነውን፣ ወይስ ነገሩን የሚያውቁት ሰዎች ከትምህርት ቤቱ ርቀው ስለኖሩ? ይህ ጽሑፍ የሁለቱን ጽሕፈቶች ታሪክ ጐን ለጐን በማየት ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመፈለግ የተነሣ ነው።

ቻይንኛ ለአያት ነዋሪ ባዕድ መሆኑ ከቀረ ሰንብቷል። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር፣ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚሄደው መሥመሩ ከአያት ተነሥቶ ጦር ኃይሎች ላይ ያበቃል። የሠራው የቻይና ድርጅት ስለ ነበረም፣ በግንባታው ዓመታት በየአጥሩና በየመኪናው ላይ የቻይና ጽሕፈት ማየት የዘወትር ነገር ነበር። በየካ ክፍለ ከተማ በሚገኘውና ቀድሞ የኢትዮ-ቻይና ፖሊቴክኒክ ኮሌጅ ይባል በነበረው የቴክኒክና ሙያ ተቋም ውስጥ የተከፈተው የኮንፊሽየስ ኢንስቲትዩት ቋንቋውን ሲያስተምር ቆይቷል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ትምህርቱ በዲግሪ ደረጃ ተሰጥቷል። ኢትዮጵያና ቻይና የዲፕሎማሲ ግንኙነት የመሠረቱት በ1963 ዓ.ም. ሲሆን በተከታዩ ዓመት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ፔኪንግን ጎብኝተዋል። በዚያን ጊዜ የቻይናን ጽሕፈት አያት አጠገብ ተቀምጦ የሚለማመድ ኢትዮጵያዊ ይኖራል ብሎ የገመተ ሰው የነበረ አይመስለንም።

በቻይና ጽሕፈት አንዱ ምልክት የሚወክለው ድምፅን ብቻ አይደለም፤ ባብዛኛው አንድ ምዕላድን፣ ማለትም ትርጉም ያለውን ትንሹን የቋንቋ አሐድ ነው። በዚህ የተነሣ «የቻይና ፊደል» የሚለው የተለመደ አጠራር ለሥነ ልሳን ባለሙያ ጆሮ ጥቂት ይጐረብጣል። የእኛ ፊደል ተነባቢንና አናባቢን አጣምሮ አንድ ቀለም የሚያሰማ ሲሆን የእነሱ ግን ቃልን የሚያሳይ ነውና። ቢሆንም ሕዝብ «ፊደል» ብሎ ለምዶታል፤ እኛም ለክርክር ጊዜ ሳናጠፋ በዚሁ እንቀጥላለን።

እስከ ዛሬ ከተገኙት ጥንታውያኑ የቻይና ጽሑፎች ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1200 ዓመት ገደማ በኤሊ ቅርፊትና በከብት አጥንት ላይ በስለት የተቀረጹት ናቸው። በአጥንት ላይ የሚቀርጽ እጅ ክብን ይሸሻል፤ ቀጥታን ይመርጣል። የቺን ንጉሠ ነገሥት አገሩን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ221 ዓመት አንድ ካደረገ በኋላ ጽሕፈቱም አንድ እንዲሆን ታዘዘ። በተከታዩ በሐን መንግሥት ዘመን የጠጕር ብሩሽ የጸሐፊዎች ዋና መሣሪያ በመሆኑ የፊደሉ መልክ እጅግ ተለወጠ። ብሩሽ ሲጫኑት የሚወፍር፣ ሲያነሡት የሚቀጥን፣ ወደ ኋላ ሲገፉት የሚበታተን ነው። ከላይ ወደ ታች፣ ከግራም ወደ ቀኝ እየጎተቱ መጻፍ የእጅ ጠባይና የመሣሪያው ጠባይ ተስማምተው የወለዱት ልማድ እንጂ በመጀመሪያ የማንም አዋጅ አልነበረም።

ሊቁ ሹ ሸን በ121 እ.ኤ.አ. ለቤተ መንግሥት የቀረበውን መዝገበ ቃላቱን ሲያዘጋጅ 9,353 ፊደላትን በ540 ክፍሎች መደበ። የእያንዳንዱ ክፍል ፊደላት የሚጋሩትን አካል ቻይናውያን የክፍሉ ራስ ይሉታል፤ እኛም «ርእሰ ክፍል» ብንለው ከሴማውያን ቋንቋዎች ጥናት «ሥር» ጋር ከመደባለቅ እንድናለን። በ1716 እ.ኤ.አ. በካንግሺ ንጉሠ ነገሥት ትእዛዝ የወጣው ታላቁ መዝገበ ቃላት በ214 ርእሰ ክፍሎች ተደራጅቶ ከ47,000 በላይ ፊደላትን አካቷል። አደራደሩም በጭረት ብዛት ነው። በመጀመሪያ ርእሰ ክፍሉ ስንት ጭረት እንዳለው፣ ቀጥሎም የቀረው የፊደሉ አካል በስንት ጭረት እንደሚጻፍ ይቈጠራል። አንድ ማዕዘን በአንድ ጉዞ ይታጠፍ እንደሆነ ወይም በሁለት ይጻፍ እንደሆነ የማያውቅ አንባቢ ቁጥሩን ይስታል፤ ቁጥሩን የሳተም ቃሉን አያገኝም። የመዝገበ ቃላት ሰዎች ለጭረት ለምን እንደሚጨነቁ ከዚህ ይታያል። እኛ ዘንድ ክርክሩ በሀለሐመ ይደርደር ወይስ በአበገደ የሚል ሆኖ ነበር የኖረው። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ለግዕዙ፣ ደቀ መዝሙራቸው ደስታ ተክለ ወልድም በ1962 ዓ.ም. ለወጣው የአማርኛ መዝገበ ቃላታቸው አበገደን መርጠዋል። በሁለቱም ሥርዓት ግን የሚደረደረው ያለቀለት ሆሄ ነው፤ ሆሄው እንዴት እንደ ተጻፈ የሚጠይቅ የለም።

ቻይናውያን ሕፃናት ሲማሩ በቀይ የታተመውን ፊደል በጥቁር ቀለም ተከትለው እንዲጽፉ ይደረግ ነበር፤ ዛሬም ይደረጋል። ወረቀቱ በአራት ማዕዘን የተከፈለ ስለሆነ ሦስት ጭረት ያለውም ሆነ ሃያ ጭረት ያለው ፊደል እኩል ቦታ ይይዛል። ሕፃኑ የመጀመሪያውን ጭረት ከማሳረፉ በፊት ስንት እንደሚቀሩት ማወቅ አለበት፤ ካላወቀ ቦታው ያልቅበታል። ብሩሹን የሚለማመዱት ደግሞ «ዮንግ» በሚባለውና ዘላለም ማለት በሆነው ፊደል ነው። ስምንቱ የብሩሽ አጣጣሎች በዚህ በአንዱ ፊደል ውስጥ ይገኛሉ ስለሚባል ትምህርቱ በስሙ ይጠራል፤ በልማድም ከ303 እስከ 361 እ.ኤ.አ. እንደ ኖረ ከሚነገርለት ከታላቁ ጸሐፊ ከዋንግ ሺጂ ስም ጋር ይያያዛል።

ደንቦቹ ለመናገር ቀላል ናቸው። ከላይ ያለው ከታች ካለው፣ ከግራ ያለው ከቀኝ ካለው ይቀድማል። አግዳሚና ቋሚ ሲቋረጡ አግዳሚው ይቀድማል። መካከሉ ቋሚ ሆኖ ግራና ቀኙ በተመጣጠኑባቸው በአንዳንዶቹ ላይ መካከሉ ይቀድማል። በአጥር የተከበበ ፊደል ሲሆን አጥሩ ተጀምሮ፣ ውስጡ ተሞልቶ፣ የታችኛው መዝጊያ በመጨረሻ ይደረጋል። መምህራን ይህን የመጨረሻውን ሲያስተምሩ «ሰው ይግባ፣ ከዚያ በሩ ይዘጋ» ይላሉ። አገር የሚለው ስምንት ጭረት ያለው «ጉዎ» የተባለው ፊደል በዚህ አኳኋን ይጻፋል።

ከእኛ ሆሄያት ጋር በአጋጣሚ የሚመሳሰሉትን ብናይ ነገሩ ይበልጥ ይገባል። አሥር ማለት የሆነው «ሺ» መስቀል ስለሚመስል የእኛን ተ ያስታውሳል፤ በሁለት ጭረት፣ አግዳሚው ቀድሞ ይጻፋል። ሰው ማለት የሆነው «ረን» ለን ይመስላል፤ ወደ ግራ የሚወርደው ይቀድማል፣ ወደ ቀኝ የሚወርደው ይከተላል። ተራራ ማለት የሆነው «ሻን» ደግሞ ንጉሡ ሠን ይመስላል። ሦስት ጭረት ነው። በመጀመሪያ የመካከለኛው ቋሚ፣ ቀጥሎ የግራው ክንድ ከወለሉ ጋር በአንድ ጉዞ ታጥፎ፣ በመጨረሻ የቀኙ ክንድ። ወጣቱ ይህን ገጽ ሲያሳየን ከመስኮታችን የእንጦጦ ሰንሰለት ይታይ ነበርና፣ ደብተሩ ላይ የሣለው ተራራ ከዚያኛው ተራራ ይልቅ ሠን እንደሚመስል ብንነግረው አልተቀየመም። መመሳሰሉ የዝምድና ምልክት አለመሆኑን ግን ለጥንቃቄ መናገር ይገባል። የእኛ ፊደል መነሻው የደቡብ ዓረብ ጽሕፈት ነው።

ትክክለኛው ቅደም ተከተል አንድ ብቻ ነው የሚለው እምነት ጽኑ ቢሆንም ታሪኩ ይህን አይደግፍም። ጃፓናውያን ፊደሉን ከቻይና የወሰዱ ሲሆኑ «ግራ» እና «ቀኝ» የሚሉትን ሁለት ፊደላት ሲጽፉ መጀመሪያውን ይለያያሉ፤ በአንደኛው አግዳሚው፣ በሌላኛው ወደ ግራ የሚወርደው ይቀድማል። ቻይናውያን ግን በሁለቱም ላይ አግዳሚውን ያስቀድማሉ። የጃፓን የትምህርት ሚኒስቴር የመምህራን መመሪያ ያወጣው በ1958፣ ታይዋንም የራሷን ያወጣችው በ1996 እ.ኤ.አ. ነው። በቻይና ለ7,000 የተለመዱ ፊደላት ቅደም ተከተሉ በመንግሥት የተደነገገው በ1997 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ለ8,105 ፊደላት የወጣው አዲሱ ድንጋጌ ደግሞ ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሠራበታል። ድንጋጌው ጭረቶችን በአምስት ወገን ከፍሎ ቁጥር ሰጥቷቸዋል፤ 1 አግዳሚ፣ 2 ቋሚ፣ 3 ወደ ግራ ወራጅ፣ 4 ነጥብ (ወደ ቀኝ ወራጁም ከዚሁ ይቈጠራል)፣ 5 ታጣፊ። ስለዚህ «ሺ» 12፣ «ረን» 34፣ «ሻን» 252፣ «ዮንግ» 45534 ተብሎ በቁጥር ሊጻፍ ይችላል። በጭረት ብዛት እኩል የሆኑ ፊደላት በመዝገበ ቃላት ውስጥ ማን ማንን እንደሚቀድም የሚወሰነው በዚህ ቁጥር ነው። ሦስት ሺህ ዓመት በእጅ ልማድ የኖረው ነገር አዋጅ ያስፈለገው መዝገበ ቃላትና የሒሳብ መኪና፣ ማለትም ኮምፒዩተር፣ በግድ አንድ መልስ ስለ ጠየቁ ነው።

አሁን ወደ እኛ እንመለስ። የአክሱም ነገሥታት ጽሑፎች መጀመሪያ አናባቢ የሌላቸው ነበሩ። በ4ኛው መቶ ዓመት በዒዛና ዘመን አናባቢን የሚያሳዩ ቅጥሎች በሆሄያቱ ላይ ታዩ። የጽሕፈቱም አቅጣጫ ከግራ ወደ ቀኝ ጸና። በድንጋይ ላይ የሚቀርጽ ሰው ቅደም ተከተል ቢኖረውም ድንጋዩ አይናገርም። ብራና ግን ይናገራል። በአድዋ አቅራቢያ ባለው በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት ወንጌላት በካርቦን ምርመራ ከ330 እስከ 650 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ውስጥ የሚወድቁ መሆናቸው ታውቋል። ከዚያ ጀምሮ ያለው የብራና ጽሑፍ ሁሉ የብዕር መንገድ መዝገብ ነው።

ይህን መዝገብ ለማንበብ መሣሪያውን ማወቅ ይጠይቃል። መቃ ብዕር አፉ ጠፍጠፍ ብሎ ስለሚቀረጽ ወደ ታች ሲጎተት ወፍራም፣ ወደ ጐን ሲሄድ ቀጭን መሥመር ይተዋል። የቁም ጽሕፈታችን ውበት፣ ወፍራሞቹ እግሮችና ቀጫጭኖቹ ማያያዣዎች፣ ከዚሁ የመጣ ነው። ወደ ላይ የተገፋ መቃ ብራናውን ይቧጭራል፤ ቀለሙንም ይረጫል። ስለዚህ ቁም ጸሐፊ እግርን ከራስ ወደ ታች እንጂ ከታች ወደ ራስ አይጽፍም። ክብን በአንድ ዙር መጨረስም ለመቃ አይመችም። መ ወይም ዐይኑ ዐ በትልቁ የተጻፈበትን አሮጌ ብራና አተኩሮ ለሚመለከት ክቡ ከሁለት ቅስቶች የተጋጠመ መሆኑ፣ መጋጠሚያውም ላይና ታች ቀጠን ብሎ መታየቱ ግልጽ ነው። የሚያሳዝነው፣ ይህን ለማየት የሚችል ዓይን ካለው ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጠየቀው የመጽሐፉ ዕድሜና ዋጋው ብቻ መሆኑ ነው። ፕሮፌሰር ሥርግው ሀብለ ሥላሴ ስለ መጽሐፍ አሠራር በ1981 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት፣ ዚግበርት ኡሊግ የተባሉት ጀርመናዊ ሊቅም በ1988 እ.ኤ.አ. ስለ ኢትዮጵያ ጽሕፈት መልክ ያወጡት ሰፊ ሥራ በዚህ ረገድ መንገድ ከፍተዋል። ጸሐፍት ራሳቸው «ጉልሕ» እና «ረቂቅ» እያሉ የሚለዩአቸው መልኮች መኖራቸውም የእጅ ትምህርቱ ስም የለሽ እንዳልነበር ያስረዳል።

የሆሄያቱ አሠራር ራሱ በውስጡ ቅደም ተከተል ያዘለ ነው። ካዕብ በወገብ፣ ሣልስ በእግር ሥር ቅጥል ይጨመርበታል፤ ኃምስ ቀለበት ያደርጋል። በእነዚህ በሦስቱ ላይ ጸሐፊው ግዕዙን ጽፎ ቅጥሉን ቢያስከትል ምንም አይቸገርም፤ በ ብሎ የጀመረውን ቡ ወይም ቢ ወይም ቤ ማድረግ ይችላል። ራብዕና ሳብዕ ግን ከዚህ የተለዩ ናቸው። ባ የግራ እግሩ አጭር፣ ቦ ደግሞ የቀኝ እግሩ አጭር ነው። ስለዚህ ጸሐፊው የመጀመሪያውን እግር ገና ሲያወርድ አናባቢው ምን እንደሆነ ማወቅ አለበት። የግራውን እግር ሙሉ አድርጎ ካወረደ በኋላ ባ ለመጻፍ የፈለገ ሰው ወይ ይፍቃል፣ ወይ የቀኙን እግር ከመሥመሩ በታች ያወርዳል። ጀማሪ በጻፈው ብራና ላይ ከመሥመር ወርደው የቀሩ የራብዕ እግሮች ሲታዩ ስሕተቱ የቸልታ ሳይሆን የቅደም ተከተል መሆኑን መገመት ይቻላል። ቻይናዊው ሕፃን ቦታው እንዳያልቅበት የጭረቱን ብዛት አስቀድሞ እንደሚያስብ ሁሉ፣ የእኛም ጸሐፊ ገና ሳይጀምር አናባቢውን ያስባል። በአማርኛ ሰዋስው መጻሕፍት ይህን ነገር ያነሣ አላጋጠመንም።

በገጽ ደረጃም ሥርዓት ነበረ። ብራናው በወስፌ ተወግቶ፣ ያለ ቀለም ተሰምሮ ከተሰናዳ በኋላ ጥቁሩ ይጻፋል፤ የፈጣሪና የቅዱሳን ስሞች ለሚጻፉበት ቀይ ቀለም ቦታ እየተተወ ይታለፍና ቀዩ ኋላ ይሞላል። ቀዩ ሳይሞላ ቦታው ባዶውን የቀረባቸው መጻሕፍት አሉ። በቻይና ቀዩ ለተማሪው መከተያ ሆኖ ሲቀድም በእኛ ዘንድ ለቅድስና መጨረሻ መሆኑን ከማስተዋል በቀር ከዚህ የምናወጣው ድምዳሜ የለም።

ታዲያ ይህ ሁሉ ዕውቀት ለምን ወደ ትምህርት ቤት አልገባም? ምክንያቱ በቀድሞው የትምህርት ሥርዓት ማንበብና መጻፍ ሁለት የተለያዩ ሙያዎች ስለ ነበሩ ነው። ሕፃን የኔታ እግር ሥር ተቀምጦ በስንደዶ እየጠቆመ ፊደል ይቈጥራል፣ አቡጊዳን ይዘልቃል፣ ሐዋርያን ያነብባል፣ ዳዊትን ይደግማል። ዳዊት ሲደግም ማንበቡ ተፈጸመ። በዚህ ሁሉ ጉዞ እጁ ከስንደዶ በቀር የያዘው ነገር አልነበረም። መጻፍ ለሚሻው የተለየ ትምህርት ነበረ፤ እንደ እጅ ሥራም ይቈጠር ስለ ነበር ሊቅ ሆኖ ብዕር የማይጨብጥ ሰው መኖሩ አያስደንቅም ነበር።

አያታችን ከእነዚህ አንዱ ነበሩ። በእንጦጦ ማዶ የሚኖሩ ገበሬ ሆነው ዳዊትን በየዕለቱ ይደግሙ ነበር፤ ለውል ሲጠሩ ግን የሚያሳርፉት አሻራቸውን ነው። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ሲጀመር ማንበብ የማይችሉ ተብለው ተመዘገቡ። ልታስተምራቸው የመጣችው ዘማች ተማሪ ሰሌዳው ላይ የጻፈችውን ገና ሳትጨርስ እሳቸው ከላይ እስከ ታች አነበቡላት። ጠመኔውን ስትሰጣቸው ግን እጃቸው ተንቀጠቀጠ። እኛ በዚያን ጊዜ የ8 ዓመት ሕፃን ሆነን አጠገባቸው ቆመን ነበር። ለን ከግራ እግሩ ጀምረው ወደ ላይ አወጡት፤ ከራሱ ላይ ደርሰው ወደ ቀኝ አወረዱት፤ እንደ ተራራ መንገድ። ሀን ከቀኝ ጀመሩ። ተን ለመጻፍ መስቀል እንደሚያማትቡ በመጀመሪያ ከላይ ወደ ታች፣ ከዚያ ከግራ ወደ ቀኝ አደረጉ። ዘማቿ ቅርጹ ከወጣ በቂ ነው ብላ አመሰገነቻቸው፤ እሷም የተማረችው እንደዚያ ነበርና። እኛንም በተማርንበት ትምህርት ቤት መምህራችን የሚያርሙልን የወጣውን ቅርጽ እንጂ የእጃችንን መንገድ አልነበረም። አያታችን ስማቸውን መጻፍ ችለዋል፤ ነገር ግን እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ እያንዳንዱን ሆሄ እየሣሉ እንጂ እየጻፉ አልነበረም። ስድሳ ዓመት በዓይን የኖረውን ፊደል እጅ ሲቀበለው መንገድ የሚያሳየው አጥቶ ነበር። እንጦጦና አካባቢው ደግሞ ዐፄ ምኒልክ በ1889 እ.ኤ.አ. በማርያም ቤተ ክርስቲያን ዘውድ ከጫኑ ጀምሮ የመጽሐፍና የሊቃውንት ስፍራ ነው። መንገዱን የሚያውቁት ቁም ጸሐፊዎችና መንገዱ የጠፋባቸው አንባቢ በአንድ ተራራ ላይ ይኖሩ ነበር ማለት ነው።

የጽሕፈት መኪና ሲመጣ ነገሩ ለአጭር ጊዜ ሌላ መልክ ያዘ። ኢንጂነር አያና ብሩ ከኢጣልያ ወረራ በፊት የአማርኛን የጽሕፈት መኪና ለመሥራት ሲነሡ ከሁለት መቶ የሚበልጡትን ሆሄያት በጥቂት ቁልፎች ላይ ማሳረፍ ስለማይቻል ሆሄና ቅጥሉን ነጣጥሎ መምታት ግድ ሆነ። ብዙ ሰዎች በቅርጹ አላማረም ብለው ነቅፈውታል። ሆሄን ወደ ክፍሎቹ የመነጣጠሉ ሐሳብ ግን ቁም ጸሐፊ በእጁ ሲያደርገው የኖረውን በብረት መድገም ነበር። ዛሬ በስልክ ላይ የሚጽፍ ሰው ድምፁን መርጦ ይነካል፤ ቅርጹን የሚያወጣው መሣሪያው ነው። ቻይናውያንም በላቲን ፊደል ድምፁን እየጻፉ ፊደሉን ከዝርዝር መምረጥ ከለመዱ ወዲህ «ብዕር ሲያነሡ ፊደሉ ጠፋ» የሚል አባባል አውጥተዋል። በእነሱ ዘንድ የተረሳው ነገር ስም ያለው በመሆኑ መረሳቱ ይታወቃል።

ስለዚህ ለወጣቱ ደብተር የሚከተሉትን ቃላት ሰጥተናል፤ የመድበሉ አንባቢዎችም እንዲተቹባቸው እናቀርባለን። ብዕር አርፎ እስኪነሣ የሚተወው አንዱ ጉዞ «ጭረት» ይባል። «ሰረዝ» ለሥርዓተ ነጥብ ስለ ተያዘና መሰረዝንም ስለሚያስከትል አይስማማም። «መሥመር» ደግሞ ለተሰመረው ነው። ጭረት የመኪና ቀለም መገሽለጥንም ይላል ብለው የሚቃወሙ ይኖራሉ፤ ነገር ግን ጫር ጫር ማድረግ አስቀድሞ የጽሕፈት ቃል ሆኖ በሕዝብ አፍ ያለ ነው። ከዚህም «የጭረት ቅደም ተከተል» እና «የጭረት ብዛት» ይወጣሉ። አምስቱ ወገኖች ከላይ እንደ ጠራናቸው ይሁኑ። ወጣቱ ለሦስተኛው «ግራ ዘመም» የሚለውን ጽፎ ነበር፤ በእኛ ዕድሜ ያለ ሰው ያን ቃል ሲያይ ስለ ጽሕፈት እንደማያስብ ነግረነው «ወደ ግራ ወራጅ» አልነው። ለእኛው ሆሄያት ደግሞ ቀደም ብለው ያሉት «ራስ»፣ «እግር»፣ «ቀለበት» በሙያ ቃልነት ይጽኑ፤ ለካዕብና ለሣልስ ጭማሪ «ቅጥል» የተሻለ መስሎናል።

የሆሄያቱን ቅደም ተከተል በአዋጅ መደንገግ ግን ገና ነው እንላለን። ሸ፣ ቸ፣ ኘ፣ ዠ፣ ጀ፣ ጨ እና ኸ ከሰ፣ ከተ፣ ከነ፣ ከዘ፣ ከደ፣ ከጠና ከከ የወጡ በመሆናቸው አንዳንዱ ሰው ጥንታዊውን ሆሄ ጽፎ የራሱን ጭረት ኋላ ያደርጋል፤ ሌላው ከላይ ወደ ታች እንደሚኬድ ሁሉ ራሱን ያስቀድማል። ሁለቱም ምክንያት አላቸው። በቤታችን ላሉት ሕፃናት ተን ጻፉ ብለን ወረቀት ብንሰጣቸው አንደኛዋ አግዳሚውን፣ ታናሿ ቋሚውን አስቀደመች፤ እያንዳንዷም የእኅቷ ስሕተት ነው አለች። ከማንኛውም ድንጋጌ በፊት መቃ ብዕር ዛሬም የሚይዙ ጥቂት ጸሐፊዎች ካሉበት ተሂዶ፣ ሲጽፉ እጃቸው በምስል ተቀርጾ፣ ሆሄ በሆሄ መመዝገብ አለበት። ይህ የብዙ ዓመት ሥራ አይደለም፤ በእድሜ የገፉት እስካሉ ድረስ ብቻ የሚሠራ ነው።

ወጣቱ የታረመውን ደብተር ሲወስድ በመጨረሻው ባዶ ገጽ ላይ ሰባቱን የሠ ቤት በአራት ማዕዘኖች ከፋፍሎ ለመጨመር እንደሚፈልግ ነገረን፤ ቻይናውያን መምህራኑ የእኛን ፊደል እንዴት እንደሚጻፍ ይጠይቁት ነበርና። ሠን አብረን ጻፍን። ሠን ከግራው ክንድ ወይስ ከመካከሉ እንጀምር በሚለው ግን አልተስማማንም፤ ገጹንም ለጊዜው ባዶ ትቶት ሄደ።